የሃያ ሦስቱ ሾላዎች አንባቢ

አባታችን የተወለዱት ዛሬ ከተሰበሰብንበት ከዚህ ግቢ የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ርቀት፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ከአባታቸው ከወፍጮ አንቀሳቃሹና ከእናታቸው ከአትክልት ቸርቻሪዋ ከተወለዱት አራት ልጆች ሦስተኛው ናቸው። ወፍጮው ሲሠራ አልጋው ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ በኋላ ጸጥ ያለ ቤት ሲገቡ እንቅልፍ እምቢ ይላቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነበብ የሟች በጎ በጎው ብቻ ተመርጦ እንደሚነበብ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ አባታችን ግን ይህ ሰፈር አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያወራው መጥፎውን ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚነበበው ያልተወራው ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ታላቅ ልጃቸው ናት። አንባቢው እንዳያሳጥረው አደራ ተብሏል፤ የቸኮለም ካለ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ጋ ለመድረስ አይቸገርም።

አባታችን ትምህርታቸውን የተከታተሉት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። የእጅ ጽሑፋቸው ከማማሩ የተነሣ መምህራን የተማሪውን ውጤት ዝርዝር የሚያስገለብጡት እሳቸውን ነበር። አንድ ጊዜ የቅርብ ጓደኛቸው ውጤቱን ከፍ አድርገው እንዲጽፉለት ለምኗቸው እምቢ በማለታቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳኮረፋቸው ቀረ። የወፍጮው ቀበቶ የአባታቸውን ቀኝ እጅ ከያዘና ከሥራ ካስወጣ በኋላ ትምህርቱን አቋርጠው፣ በሃያ ዓመታቸው በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት በቆጣሪ አንባቢነት ተቀጠሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ቆዩ።

ቆጣሪ አንባቢ ማለት በየወሩ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ተመሳሳይ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የጉድጓዱን ክዳን ያነሣል፣ መስተዋቱን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ያየውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ደብተሩ የቤት ቁጥር፣ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ በመጨረሻም ለማስታወሻ የሚሆን ምርመራ የሚሉ ረድፎች አሉት። በሩ የተዘጋ እንደሆነ ወይም ውሻው የተፈታ እንደሆነ ሌሎቹ አንባቢዎች በግምት ይሞሉታል። ባልደረቦቻቸው ይህን "የውሻ ንባብ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አባታችን ግን አንድም ጊዜ በግምት ጽፈው አያውቁም። ሦስት ጊዜም ቢሆን ይመላለሳሉ፣ ካልተሳካም ምርመራው ላይ "አልታየም" ብለው ይጽፋሉ። በዚህ ምክንያት ከአለቆቻቸው ጋር በየወሩ ይነታረኩ ነበር፤ ሰነፍም ተብለዋል።

እናታችንን ያገኟት በዚሁ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቆጣሪዋ ከመስፊያ ክፍሏ መስኮት ሥር ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ፣ "ሁልጊዜ አቀርቅረህ መጥተህ አቀርቅረህ ነው የምትሄደው፤ ፊትህን ሳላየው ላርጅ ነው እንዴ?" አለቻቸው። ቀና አሉ። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

የዱር ፍጥረት ነገር የጀመራቸው ከዚያው ከቆጣሪ ጉድጓድ ነው። እርጥበት ባለበት ሁሉ እንቁራሪት አለ፤ ክዳኑን የሚጥሉት አንባቢዎች ሳያዩ ይጨፈልቋታል። እሳቸው ክዳኑን ቀስ አድርገው በእጃቸው ነበር የሚመልሱት፤ ቀጥሎም የትኛው ቤት ስንት እንዳለ መጻፍ ጀመሩ። በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ለብቻው ደብተር ገዙ፤ ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ አድርገው አሰመሩት። የቤት ቁጥር በሚለው ምትክ ዛፉ፣ ጣሪያው ወይም ድልድዩ ገባ፤ የቀረው አልተለወጠም። በየወሩ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ገደማ ያነባሉ።

በትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፎች ነበሩ። ርእሰ መምህሩ በጭስ ሊያስወጣቸው ሲነሣ አባታችን ደብተራቸውን ይዘው ሄደው፣ "አሁን ልጆቻቸው መብረር አይችሉም። ሁለት ወር ብቻ ይታገሡኝ፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ሲወጡ ቀዳዳውን ይድፈኑት" ብለው አሳመኑት። እንዳሉትም ሆነ። የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛ መጋዘን ውስጥ ስላለችው ጉጉት ስሞታ ሲያበዛ፣ በዓመት ስንት አይጥ እንደምትበላ አስልተው ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው "የእርስዎ ጉጉት" ማለቱን ትቶ "ጉጉታችን" ማለት ጀመረ። እናታችንም ለደንበኞቿ፣ "ባሌ ሁለተኛ ሚስት አለችው፤ ደግነቱ ክንፍ ስላላት ክረምቱ ሲያልቅ ትሄድልኛለች" ትል ነበር።

ይህ ቀልድ ስለ ሽመሎቹ ነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ዱቄት ፋብሪካው በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ከአስፋልቱ በዕድሜ የሚበልጡ ሃያ ሦስት ሾላዎች እንደነበሩ እዚህ ያለን አዋቂዎች ሁላችን እናስታውሳለን። ሽመሎቹ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ይመጣሉ። ያለፈውን ዓመት ጎጆ ጭራሮ ጨምረው ይጠግኑታል፤ ክረምቱን ይፈለፍላሉ፤ በጥቅምት ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ጎጆዎቹ ያለ ባለቤት ይቀመጣሉ። አባታችን ይህን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አነበቡ። ረጅምና ቀጭን ስለነበሩ የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ሽመላ" ብሎ ስም አወጣላቸው። ዳቦ ሻጩ ሚያዝያ በገባ ቁጥር፣ "ጋሽ ሽመላ፣ ዘመዶችዎ መቼ ነው የሚገቡት?" ይላቸዋል፤ ቀኑን ይነግሩታል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ስተው አያውቁም። በዚህ ስም ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም ነበር።

የደብተሩ አሞላል እዚህ ላይ በግልጽ ይነገር። ወፍ ባለበት ወር የአሁኑ ንባብ በሚለው ሥር ቁጥሩን ይጽፋሉ። ወፍ በሌለበት ወር ዜሮ ይጽፋሉ፤ ቆጣሪ አንባቢ ናቸውና በዕለቱ ያላዩትን አይጽፉም። ከዜሮው ጎን ግን፣ ምርመራ በሚለው ረድፍ፣ "ጎጆው ደህና ነው። ሄደዋል። በሚያዝያ ይመለሳሉ" ብለው ያሰፍራሉ። በዓመት አምስት ወር፣ ለሃያ ሦስት ዛፍ፣ ለሃያ አንድ ዓመት፣ አንዱንም ሳይዘሉ ይህንኑ ጻፉ። ልጆቻቸው "አባዬ፣ አንድ ጊዜ ጽፈህ 'እንደ ላይኛው' አትልም?" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

በአምሳ ሰባት ዓመታቸው ከተማው መንገዱን ለማስፋት ወሰነ። ወፍ የሚኖርበትን ዛፍ ያለ ጥናት መቁረጥ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ የግንባታ ፈቃድ ቢሮው ደግሞ ጥናት አልነበረውም። በዚያ ቢሮ በመረጃ ሠራተኛነት የተቀጠረች፣ ገና ሦስተኛ ወሯን የያዘችና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች አንዲት ወጣት ነበረች። በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ፣ "አባቴ የሃያ አንድ ዓመት መዝገብ አለው" አለች። ይህችው ናት ይህን ጽሑፍ የጻፈችው።

አባታችን ደብተራቸውን ለመስጠት አመንትተው ነበር። "ለምን ፈለጉት?" ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ልጃቸው ግን ካደገችበት ቤት ይልቅ የገባችበትን ቢሮ አምና ነበርና፣ "አባዬ፣ በወረቀት ያልመጣ ነገር ማን ይሰማል? ቁጥሩን ሲያዩ ነው እጃቸውን የሚሰበስቡት" አለቻቸው። ደብተሮቹን በጨርቅ ከረጢት አድርገው፣ በእጃቸው አስረከቧት።

ቢሮው የራሱ ፎርም ነበረው፦ የዛፍ ቁጥር፣ ወር፣ የወፍ ብዛት። ምርመራ የሚባል ረድፍ ፎርሙ ላይ የለም። ልጃቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሮቹን ወደ ፎርሙ ገለበጠች። ምርመራውን የት እንደምታስገባው ኃላፊዋን ጠየቀች፤ "ፎርሙ የጠየቀሽን ብቻ ሙዪ" አላት። ሞላች። በተለየ ወረቀት ጽፋ ልታያይዘው ትችል ነበር። ይህን ማንም አልከለከላትም፤ ጎበዝ ሠራተኛ መባል ፈልጋ ነው የተወችው። ኃላፊው ፎርሙን ተቀብሎ ዜሮዎቹን በቀይ አከበባቸው። "ባለሙያው ለሃያ አንድ ዓመት ባደረጉት ምልከታ መሠረት ከኅዳር እስከ መጋቢት በዛፎቹ ላይ ምንም ወፍ የማይኖር በመሆኑ" ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ። የቀረው የባለሙያው ፊርማ ነበር።

አባታችን ተጠርተው መጡ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ለማንበብ ምንጊዜም አይቸኩሉም ነበር። "ምርመራው የለም" አሉ። ኃላፊው፣ "ጋሼ፣ የጠየቅኩዎት አንድ ነገር ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም?" አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያየኸውን ጻፍ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ "ቁጥሩ ትክክል ነው" አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የገጹን ግርጌ እያዩ ቆሙ። ከዚያም ፈረሙ። ልጃቸው ከኃላፊው ክፍል የመስተዋት ግድግዳ ማዶ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። ሲወጡ አላናገሯትም፤ እሷም አልተነሣችም።

በኅዳር ሦስተኛ ሳምንት መጋዙ መጣ። ሃያ ሦስቱ ሾላዎች በአራት ቀን አለቁ። እያንዳንዳቸው አልጋ የሚያህሉት ጎጆዎች አብረው ወረዱ፤ ዛሬ "እንዴት የሚያምር ጥላ ነበረን" እያልን የምናለቃቅሰው እኛው ጭራሮውን ለማገዶ ተሻምተን ወሰድን። በሦስተኛው ቀን ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ቢሮው የደብዳቤውን ቅጂ፣ የአባታችን ፊርማ ያለበትን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢሮውን አልጠየቀም። የሚጠየቅ ሰው ተገኝቶ ነበር፤ እሱም በየወሩ በየበሩ የሚያንኳኳ፣ ለመስደብ የሚመች ሰው ነው።

ሸጣቸው ተባለ። ቦታ ተሰጥቶታል ተባለ፤ የት እንደሆነ እንኳ የሚያውቁ ነበሩ። ማዕዘን ላይ ያለው መድኃኒት ሻጭ ሰላምታቸውን ሳይመልስ ወደ መደርደሪያው ዞረ። በሮች "ሰው የለም" እየተባለ ከውስጥ ተዘጉባቸው፤ በመጨረሻው የሥራ ዓመታቸው ምርመራው ላይ "አልታየም" የሚለው ቃል ከሠላሳ ሰባቱ ዓመት ሁሉ በለጠ። "ጋሽ ሽመላ" ቀረና "ጋሽ መጋዝ" ተባሉ። ይህን ስም ማን እንዳወጣው እናውቃለን፤ እዚህ ስላለ አንናገርም። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የስንብት ፕሮግራም እንኳ አላዘጋጀላቸውም። የእናታችን ደንበኞች አንድ በአንድ ራቁ። እሷም ደረቷን እየመታች፣ "ምናለ እጅህ በተቆረጠ! ምናለ ባትፈርም!" አለቻቸው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ለዓመታት። አባታችን ነገሩን ሁሉ ሆድ ይፍጀው አሉ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሽመሎቹ መጡ። አባታችን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ደብተራቸውን ይዘው ወጡ፤ ሥልሳ አራት ቆጠሩ። ወፎቹ ከመንገዱ በላይ ሲዞሩ ዋሉ። በማግሥቱ በመብራት ምሰሶዎቹ ላይ ማረፍ ጀመሩ፤ በሳምንት ውስጥ አምስቱን ኤሌክትሪክ ገደላቸው። አባታችን በየማለዳው በካርቶን እየሰበሰቡ ቀበሯቸው። ሰውም ይህን አይቶ "ጸጸት ነው" አለ። ሽቦው እንዲሸፈን የመብራት መሥሪያ ቤቱን ሦስት ዓመት ደጅ ጠኑ፤ በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ምሰሶዎች ተሸፈኑላቸው። ከጡረታቸው ቆጥበው በብየዳ ሠራተኛ ሰፊ የብረት ቅርጫት አሠርተው፣ በዱቄት ፋብሪካው የውሃ ማማ ላይ አሰቀሉ። ዘበኛው ብቻ ነበር መሰላሉን የያዘላቸው፤ እሱ እስከ መጨረሻው ሰላም አላቸው፣ ስለዚህ በዚህ አጋጣሚ ከልብ እናመሰግነዋለን። አንድ ጥንድ ሁለት ክረምት ፈለፈለበት። ከዚያ ማማው ቀለም ሲቀባ ቅርጫቱን አውርደው ጣሉት።

ሥልሳ አራት፣ ሠላሳ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ሰባት፣ ሁለት። በስድስተኛው ዓመት ዜሮ። ይህኛው ዜሮ በሚያዝያ የተጻፈ ነው፣ በግንቦትም፣ በሰኔም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለአሥር ክረምት ያንኑ አነበቡ። እግራቸው እምቢ ሲል ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ወንበር አስቀምጠው ያነቡ ነበር። የሚያልፍ ሰው "አሁን ደግሞ ምን ሊያስቆርጥ ነው?" እያለ ሲሳለቅ ልጃቸው በጆሮዋ ሰምታለች። ሰምታም አልፋለች። በዚያን ጊዜ የክፍል ኃላፊ ሆና ነበር።

ላለፉት ሁለት ዓመታት አባታችን በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ በታኅሣሥ ወር ሆስፒታል ገቡ። አልጋቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ ሰፊው መንገድ በሚያሳየው መስኮት በኩል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሾርባ እያጠጣቻቸው፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ያፈነችውን ነገር ልታወጣ ጀመረች። "አባዬ፣ ያን ጊዜ ምርመራውን..." ከማለቷ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

"አውቃለሁ። ከታች 'ያዘጋጀችው' የሚለው ላይ ስምሽን አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ፈረምክ?"

"ቁጥሩ ትክክል ነበር። እምቢ ብል ደግሞ ወረቀቱ ወደ አንቺ ነበር የሚመለሰው፤ ገና ሦስተኛ ወርሽ። ሰፈሩ አንቺን ከሚጠላ እኔን ይጥላኝ አልኩ፤ እኔ እንደሆነ ለጡረታ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ።" ትንሽ አርፈው፣ "እናትሽም እንዳትሰማ። ከእኔ ጋር መጣላቱን ለምዳዋለች፤ ከአንቺ ጋር አትችለውም" አሏት። ሾርባውን ጨረሱ። ይህን ነገር ለማንም እንዳታወጣ ቃል አስገቧት።

ሐኪሞች አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ አድርገዋል። አባታችን በየካቲት ሃያ ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ልጃቸው የገባችውን ቃል በማግሥቱ አፈረሰች፤ ለእናታችን ነገረቻት። እናታችንም፣ "እሱን ነው እንዴ ስነዘንዘው የኖርኩት?" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ጻፊው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበብ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጇ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ አባታችን የሰጉት ደርሷል።

አባታችን የአርባ አራት ዓመት የትዳር አጋራቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ወንድ ልጃቸው ከሩቅ ከተማ፣ ከሹፌርነት ሥራው መጥቶ ለቀብር ደርሷል፤ እሱም ይህን የሚሰማው ከእናንተ እኩል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሾላዎቹ ጥያቄ ያለው ሰው የሚጠይቀው ሴት ልጃቸውን ነው። ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው፤ ዘወትር በሥራ ሰዓት ትገኛለች። "ጋሽ መጋዝ" የሚለውን ስምም ለእሷ አዛውሩላት፤ የራሷ ነው።

በዚህ ጊዜ ሟች ለበደሉት ሁሉ ይቅር እንዲባሉ መለመን የተለመደ ነው። አባታችን ላልበደሉት ይቅርታ አንለምንላቸውም። ይቅርታ የሚያስፈልገን እኛ ነን፤ የሚሰጠን ሰው ግን ይኸው ከፊታችን ተኝቷል፣ በሕይወት ሳለ አሥራ አምስት ዓመት ሰላምታውን ስንጠብቅ ሳይሆን ስንሸሸው ኖርን። ፈጣሪ የእሳቸውን ነፍስ ያሳርፍ። የእኛን እንደ ሥራችን ይይልን።